ስምንተኛውን ጥራዝ የሚጠብቀው ሰው

ከሞጣ ንባብ ቤት ጡረታ ስወጣ ያስረከብኩት ዕቃ ዝርዝሩ አንድ ገጽ አልሞላም። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቁም ሣጥን ከነቁልፉ፣ አንድ የማይሠራ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ወስፌ፣ ግማሽ ጥቅል ሲባጎ፣ መጻሕፍት በመዝገባቸው መሠረት። እኔን ሊተካ ከአውራጃው የተላከው አላዩ የሚባል ጎልማሳ ነው። ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ እየነካ ምልክት ያደርጋል። ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። በመዝገቡ አንድ መጽሐፍ ተብሎ የተጻፈው እዚያ ዘጠኝ ሆኖ ተኝቷል። ስምንቱ የታተሙ ናቸው። ዘጠነኛው በእጅ የተጻፈ ነው፤ በየገጹ ጠርዝ ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል።

"እማማ፣ ይኼኛው መጽሐፍ ተቆራርጦ ተበላሽቷል። በማስወገጃው ቅጽ ላይ ልያዘው?" አለኝ።

"አይወገድም" አልኩት። "ተራ የያዘ ሰው አለ።"

ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለእሱ ለመመለስ ከቢቸና መጀመር ነበረብኝ። አሁንም ከዚያው ልጀምር።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ዳሩኝ፣ ወለድኩ፣ ባሌ ሞተ፣ ልጆቼም ወለዱ። የረሳሁትን ፊደል መልሼ ያገኘሁት መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ነው፤ ያኔ አያት ነበርኩ። ምስክር ወረቀቴን በተቀበልኩ በዓመቱ ቢቸና ላይ ንባብ ቤት ተከፈተና ቀበሌው ሠራተኛ አድርጎ ጠራኝ። በንባቤ አልነበረም የጠራኝ። በቦኖ ውሃው ሰልፍ ላይ እንስራ ያለ ተራው ሲገባ ካየሁ፣ አንስቼ ከመጨረሻው የማስቀምጥ ሴት ስለነበርኩ ነው። የሊቀመንበሩን ሚስት እንስራም አንስቼ አውቃለሁ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ትንሽ ነበር፣ ግን በየወሩ ይመጣ ነበር።

የንባብ ቤቱ ኃላፊ የኔታ ስሜነህ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩና የብራና መጽሐፍ ሲጠርዙና ሲደጉሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከታጠቡም በኋላ ደጃፉ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ለፀሐይ ዘርግተው ያሞቁታል። ቀዝቃዛ እጅ ወረቀቱን ያስደነግጠዋል ይሉ ነበር። እኔም ዛሬ ድረስ እንደሳቸው አደርጋለሁ።

ደግሞ ቃል ይወዳሉ። ሌላ ሰው ጠጅ እንደሚወደው ማለት ነው። ስጠርግ ይጠሩኝና "ነይማ ይችን ስሚ" ብለው አንድ ቃል ብቻ ያነቡልኛል፤ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ እኔም መጥረጊያዬን ይዤ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን ወገግታና ውጋጋን አንድ ናቸው ወይስ ሁለት ብለው ጠየቁኝ። አንድ ናቸው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም ማለት ይቻላል። በሳምንቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማለዳው ብርሃን ፊቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ ገና ምንም አይታይም፤ ግን አርፏል። ሄጄ ነገርኳቸው፤ ወገግታን ዓይን ያየዋል፣ ውጋጋን ግን ከማየት በፊት ፊት ላይ ያርፋል አልኳቸው። ትክክል ይሁን አይሁን እንጃ። "አሁን ሠራተኛ ሆንሽ" አሉኝ።

ልብ ወለድ ግን አይወዱም ነበር። ያልተደረገን ነገር እንደተደረገ አድርጎ መጻፍ ለእሳቸው ከውሸት አይለይም። ከአዲስ አበባ በመጣው ሣጥን ውስጥ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ተገኘና መደርደሪያ ላይ ከመዋሉ በፊት ጉዳት እንደሌለው ልመርምረው ብለው ወሰዱት። በማግስቱ ሲመጡ እጃቸውን አልታጠቡም። ቀጥ ብለው ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡና "ይች ሴትዮ ምን ይውጣት ይሆን?" አሉኝ። የጎረቤት ሴት መስላኝ ማንኛዋ አልኳቸው። የመጽሐፉ ሴት ናት። ነጋዴ ባሏ ወንዝ ተሻግሮ ሄዶ የቀረባት ሴት።

ወሬው በከተማው ተሰማ። የኔታ የተመሰጡበት መጽሐፍ ምን ቢሆን ነው ብሎ ሰው መጣ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ፈላጊው ብዙ። አንዱ ሲወስደው ወር ይዞት ይቀመጣል፤ ሌላው ሲጠብቅ ያኮርፋል። እኔ ይኼ ግፍ ነው ብዬ ጮህኩ። የኔታ ሁለት ቀን አሰቡ። በሦስተኛው ቀን ታጠቡ፣ እጃቸውን አሞቁ፣ አማተቡና ስል ቢላዋ አንስተው የመጽሐፉን ጀርባ ቀደዱ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መጽሐፉ ስምንት ቦታ ሆኗል። በብራና መጽሐፍ ልማድ እያንዳንዱን ጥራዝ ለየብቻው በወስፌ እየበሱ፣ ክሩን በሰም እያሹ ሰፉት፤ ከካርቶን ሽፋን አበጁለት። ከመስፋታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ያደርጋሉ። የአንዱን ጥራዝ የመጨረሻ መስመር፣ ቀጥሎም የሚከተለውን ጥራዝ የመጀመሪያ መስመር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። "ሰላም ይባባሉ እንደሆነ ልይ" ይላሉ። ሰላም ካልተባባሉ የቆረጡበት ቦታ ልክ አይደለም፤ አንድ ቅጠል ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይሄዳሉ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ ያነብ ጀመር። አንዱን ጥራዝ ለአንድ ሳምንት፤ በገበያ ቀን ይመለሳል፣ ለቀጣዩ ይሰጣል። ለስምንተኛው ብቻ ሁለት ሳምንት ፈቀዱ። መጨረሻን ሰው አንድ ጊዜ አንብቦ አይተወውም አሉ። ያነበበ ላላነበበ አይናገርም፤ የተናገረ ከሰልፉ መጨረሻ ይገባል። ተራ የያዘ ሰው እያለ መጽሐፉ ከቤቱ አይወጣም፣ አይወገድም። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ያስከበርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ካድሬ መጽሐፎቹን ሊፈትሽ መጣ። ልብ ወለዱን አገላብጦ ለትግሉ የማይጠቅም ነው፣ ይሰብሰብ አለ። የኔታ አልተከራከሩም። ተነስተው የተራ መዝገቡን ዘረጉለት።

"ይውሰዱት ጓድ" አሉት። "ብቻ ሠላሳ አንድ ሰው ተራ ይዟል። ለሰፊው ሕዝብ እርስዎ ይንገሩልን።"

ካድሬው ጣቱን በስሞቹ ላይ ወደ ታች እያወረደ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ የገዛ ሚስቱን ስም አገኘ። መጽሐፉን አስቀመጠው። ትንሽ ቆይቶ፣ እንግዲያው የመጀመሪያውን ጥራዝ ለምርመራ ዛሬ ልውሰድ አለ።

"ጓድ" አልኩት፣ "ሠላሳ ሁለተኛ ነዎት።"

ብዙም ሳይቆይ ሞጣ አዲስ ለተከፈተው ንባብ ቤት ኃላፊ ተብዬ ተዛወርኩ። ዕድገት ይሁን ቅጣት እስካሁን አላወቅኩም። ልሄድ ስል የኔታ የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ በአንድ የአውቶቡስ ሾፌር አስመጥተው ቢላዋውን ሰጡኝ። ራሴ ቆረጥኩት፣ ራሴ ሰላምታውን አነበብኩ፣ ራሴ ሰፋሁት። ሁለት ጊዜ አስፈቱኝ። በሦስተኛው ዝም ሲሉኝ እንዳለቀ አወቅኩ።

የሞጣው ንባብ ቤት ከልብስ ሰፊው ከኑሩ ሱቅ ፊት ለፊት ነበር። ኑሩ ከእኔ ጥቂት ዓመት ያንሳል፤ ስለዚህ እታለም ይለኛል። ፊደል የቆጠረው በአርባ ዓመቱ ነው፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። የደረሰበትን መስመር በልብስ ጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። መጽሐፉን ኮት አደረግኸው እንዴ ስለው፣ አይ እታለም፣ ኮት ቢሆንማ እጅጌውን አሳጥረው ነበር ይለኛል። ሰውየው እውነቱን ነው፤ ረዘም ያለ አንቀጽ አይወድም።

ሰባተኛውን ጥራዝ ጨርሶ የመጣ ዕለት እንደወትሮው አልቀለደም። ሰባተኛው የሚያበቃው ሴትዮዋ ወንዙ ዳር ቆማ ከማዶ አንድ ድምፅ ስሟን ሲጠራት ነው። ማን እንደጠራት በስምንተኛው ላይ ነው ያለው። ኑሩ ጥራዙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጁን አላነሳም።

"እታለም፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ" አለኝ።

ከአዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ተመልሶ መምጣቱ ነበር። ዓይኑ ከዳር ከዳር እየጨለመ ነው፤ አሁን የሚያየው በመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው፤ ያቺም አትቆይም ብለውታል። መድኃኒት የለውም። የወር ያህል ብርሃን ቢቀረኝ ነው አለኝ።

"ስምንተኛውን አስቀድሚልኝ። ለሁለት ቀን ብቻ።"

"ከፊትህ አምስት ሰው አለ" አልኩት።

"አውቃለሁ። አምስት ሰው ማለት አሥር ሳምንት ነው። ለአሥር ሳምንት የሚበቃ ዓይን የለኝም።"

ተራው ሲደርስ ቁጭ ብዬ አነብልሃለሁ አልኩት።

"የሚያነብልኝማ አርባ ዓመት ሙሉ ነበረኝ" አለ። "ደብዳቤዬን ሲያነቡልኝ፣ ውሌን ሲያነቡልኝ። ይችን አንዷን በዓይኔ ልጨርሳት።"

ሰዎቹን ጠይቂልኝ አለኝ። እምቢ አልኩ። ብጠይቃቸው አፍረው እሺ ይላሉ፤ በሀፍረት የተለቀቀ ተራ የተቀማ ተራ ነው አልኩት። ለካድሬ ያልከፈትኩትን ለወዳጄ ብከፍት ነገ ምን አፍ ይኖረኛል ብዬም አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያልኩት ኮርቼ ነው። እሺ፣ ሕግ ነው አለኝና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከቶ መንገዱን ተሻገረ። ሲሻገር ግራና ቀኝ ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ያዞር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከመስኮቴ ሆኜ አየሁ። መጀመሪያ የስፌት መኪናውን ወደ ደጃፍ አወጣው፣ ብርሃን ፍለጋ። ቀጥሎ ጨርቁን ወደ ዓይኑ ማስጠጋት ጀመረ። የመኪናው ድምፅ ድሮ እንደ ዝናብ ነበር፤ ኋላ እንደ ጠብታ ሆነ፤ አንድ ቀን ጭራሽ አልሰማሁትም። ስምንተኛው ጥራዝ በዚህ ሁሉ ጊዜ በየቤቱ ይዞር ነበር። እኔ መዝገቤን እየገለጥኩ በቀኑ እሰጣለሁ፣ በቀኑ እቀበላለሁ። አንድም ቀን አልተዛነፈም።

ከኑሩ ፊት የነበረችው የመጨረሻዋ ሰው ጠላ ሻጯ ተዋቡ ናት። ጥራዙን ስትመልስ ልብስ ሰፊው ዓይኑ ጠፋ አሉ፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። እሱ ነበር ወይ ከኋላዬ ያለው አለችኝ። አዎ አልኳት።

"እኔ እኮ በሁለት ቀን ነው የጨረስኩት" አለች። "ሌላውን ቀን ትራሴ ሥር ነው የሰነበተው። ምን ነበር ብትነግሪኝ?"

ወቀሳም አልመሰላት፤ ዝም ብላ ጠየቀችኝና ሄደች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ ካድሬም ዝቶብኛል። የዚያችን ሴት ያህል ልክ ያስገባኝ ሰው ግን የለም። እኔ ለአሥር ሳምንት ስጠብቅ የነበረው ሰልፉን እንጂ ሰዎቹን አልነበረም። እምቢ ይበሉ እሺ ይበሉ የእነሱ ነበር፤ እኔ በእነሱ ፈንታ እምቢ አልኩ።

ተራው የደረሰ ዕለት ስምንተኛውን ይዤ ተሻገርኩ። ኑሩ ሥራ ያቆመው የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጧል። እጁ ላይ አኖርኩለት። ሽፋኑን ዳበሰው፣ ስፌቱን በጥፍሩ ተከተለው፣ ገልጦ አሸተተው፣ ዘጋው።

"በድዬሃለሁ" አልኩት።

"አዎ፣ በድለሽኛል" አለ።

 የሚያባብል ነገር አልተናገረም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ላንብብልህ ስለው ጥራዙን መለሰልኝ። አሥር ሳምንት ሙሉ ያቺን ሴት ወንዝ ዳር አቁሜ ማን ጠራት እያልኩ ሳስብ ከረምኩ አለኝ። ዓይኑ እየጠበበ ሲሄድ እሷ እየሰፋች መጣች። አሁን ማን እንደጠራት ያውቃል።

"ትጽፊልኛለሽ" አለ። "ካሳዬ ይኼ ነው።"

እኔ ከደብዳቤና ከመዝገብ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዤ መጣሁ፤ የሚቀጥለው እሑድም፤ ከዚያም ያለው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ከውጭ በግ ሲነዳ፣ ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ ይሰማል፤ እኛ ግን ወንዝ ዳር ነን። አንዳንዴ እግሬ የረጠበ እየመሰለኝ ወደ ታች አይ ነበር።

ፈጥኖ የሚያስጽፍ ሰው አልነበረም። አንድ እሑድ ውሃው ሰማያዊ ነበር ብዬ ጻፍኩ።

"የትኛው ሰማያዊ?" አለኝ።

ሰማያዊ ሰማያዊ ነው አልኩት። ከመኪናው ሥር የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቱን ጎትቶ አወጣና ውስጡ እጁን ከተተ። በመዳሰስ ብቻ ያውቃቸዋል። ይኼ ሻካራው የመምህሩ ኮት ነው፣ ይኼ የሙሽራዋ ገበር፣ ይኼ ለአንዲት መበለት የመቀነቷን ጠርዝ ያደረግኩበት ይለኛል። ሰማያዊዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ እኔ ቀለማቸውን እነግረዋለሁ። ጠቆር ያለ፣ የፈዘዘ፣ ወደ አመድ የሚሄድ። የመምህሩ ኮት ላይ ሲደርስ ይኼ ነው አለ፤ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ሰማያዊ፣ ብርድ የሚያውቅ። ስለዚህ ሰማያዊ የሚለውን ሰርዤ ያንን ጻፍኩ። እሱ ደግሞ ከጨርቁ ጥፍር የምታህል ቆርጦ ከመስመሩ አጠገብ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሰፋት። መርፌውን የምሰካለት እኔ ነኝ፤ የሚሰፋው እሱ።

ከዚያ በኋላ ቀለም በመጣ ቁጥር እንደዚያ አደረግን። ያለፈውን መስማት ሲፈልግ ጠርዙን ይዳብስና ከዚህ አንብቢልኝ ይለኛል። አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም። እኔም ቀስ በቀስ የኔታ ቢቸና ላይ ወገግታና ውጋጋን አንድ ናቸው ስላልኩ ለምን ሳምንት እንደተቀየሙኝ ገባኝ። ለማያይ ሰው ቆንጆ ነበረች ብሎ ማለት ምንም አልሰጡትም ማለት ነው። ቆንጆ የሚለውን ቃል ከደብተሩ ሁሉ አወጣሁት።

ሲያልቅ ለየኔታ መልእክት ላክሁባቸው። አርጅተው ነበር፤ ግን ከቢቸና በአውቶቡስ መጡ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰምና ክር ይዘዋል። ታጠቡ፣ የኑሩ ደጃፍ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ለፀሐይ ዘረጉ። ከዚያ ገብተው የሰባተኛውን ጥራዝ የመጨረሻ መስመር ጮክ ብለው አነበቡ። ደብተሩን ገልጠው የእኛን የመጀመሪያ መስመር አስከተሉ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም። ኑሩም ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል።

የኔታ ድጋሚ አነበቡ። 

"ሰላም ተባብለዋል" አሉ፤ ወስፌውንም አነሱ።

ዘጠነኛው ጥራዝ የተሰፋው እንዲህ ነው። ከስምንተኛው አይቀጥልም፤ እሱም እንደ ስምንተኛው ከሰባተኛው ነው የሚቀጥለው። አንባቢ ሰባተኛውን ሲጨርስ የቱን ላስቀድም ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔ አልነግረውም። ማን እንደጠራትም ከሁለቱም አልናገርም፤ ሕግ ነው። ከዘጠነኛው አንዲት ነገር ብቻ ላውጣ፤ ሴትዮዋ ፊቱን ሳታይ ሰውየውን በድምፁ ቀለም ታውቀዋለች። የዚያ መስመር ጨርቅ ቡናማ ነው፣ በጣም ለስላሳ። ከየት እንደመጣ ኑሩ አልነገረኝም።

የኔታ ሊሄዱ ሲሉ ለኑሩ፣ የታተመውን ስምንተኛ እንግዲህ አትሰማም ወይ ብለው ጠየቁት። ሳቀ። ገና ተራዬን አልተረከብኩም አለ። ወደ እኔ ዞሮ "ስሜን እንዳትሰርዢው እታለም" አለኝ። "የምጠብቀው ነገር ይኑረኝ።" አልሰረዝኩትም። ተራ ማስከበሬንም አልተውኩም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ችግር ያለበት ሰው ሲመጣ ከፊቱ ያሉትን እየዞርኩ እጠይቃለሁ። እምቢ ያሉኝ ጥቂት ናቸው። እምቢ ያሉኝንም አልቀየምኩም።

አላዩ ይህን ሁሉ እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ የተራ መዝገቡን አንስቶ በስምንተኛው ጥራዝ ዓምድ ላይ ያልተዘጋውን አንድ ስም ፈለገ፤ አገኘው። ሰውየው አሁንም አለ ወይ አለኝ። ማዶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ ሂድና ጠይቀው አልኩት።

ስምንተኛውን ይዞ ተሻገረ። እኔ በመስኮቱ አየሁ። ጎንበስ ብሎ አነጋገረው፤ ኑሩ ጥራዙን ተቀብሎ ስፌቱን በጥፍሩ ተከተለ፣ አሸተተው፣ መለሰለት። አላዩ ሲመለስ ጥራዙን በሁለት እጁ ይዞታል።

"ምን አለህ?" አልኩት።

"ከኋላዬ ያለውን አሳልፈው፣ እኔ እቆያለሁ አሉኝ።"

የማስወገጃውን ቅጽ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጥራዙን ወደ መደርደሪያው ከመመለሱ በፊት ደጃፉ ላይ ወጥቶ እጁን ታጠበ። እኔም ቁልፉን ሰጠሁት።